ምዕራፍ አምስት፦ አሊፍ፣ ባእ፣ ታእ በስልክ

ዐረብኛን ለትንንሽ ልጆች በኢንተርኔት ማስተማር በኢትዮጵያ ከተሞችም ሆነ ከሀገር ውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች እየተለመደ የመጣ ሥራ ሲሆን፣ ትምህርቱን የሚሰጠው ኡስታዝም ሆነ ክፍያውን የሚፈጽመው ወላጅ ቀድሞ የሚገጥመው ፈተና የፊደሉ ብዛት ወይም የሰዋስዉ ክብደት ሳይሆን፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ስልኩ ፊት ተቀምጦ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ለዚህ ፈተና የሚቀርበው የተለመደ መፍትሔ ሥዕሉን ማብዛት፣ ፊደሎቹን ማስጨፈር፣ ለትክክለኛ መልስ ኮከብና ነጥብ የሚሰጥ አፕሊኬሽን መጫን ነው፤ ይሁን እንጂ ልጁ የሚደሰተው በኮከቡ እንጂ በቋንቋው ስላልሆነ፣ ኮከቡ የሰለቸው ዕለት ዐረብኛውም አብሮ ይሰለቸዋል። በዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው ሐሳብ ደስታው የሚገኘው ልጁ በአፉ ከሚያወጣው ድምፅ፣ በአካሉ ከሚያደርገው እንቅስቃሴና በቤቱ ካሉት ሰዎችና ዕቃዎች ነው፣ እነዚህም በጥንቱ ቁርአን ቤት የነበሩና ትምህርቱ ወደ ስልክ ሲዛወር መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው የሚል ነው።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አድርጎ መመልከት ስለሚጠቅም ምሳሌዋ ጫግኒ ትሁን። ጫግኒ በአማራ ክልል፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ፣ ከእንጅባራ ተነሥቶ በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባና ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዞኑ የሚበዛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ በመሆኑ ዐረብኛ በገበያ ወይም በጎረቤት የሚሰማ ቋንቋ አይደለም፤ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ የሚሰማው ከመስጊድ፣ ከቤተሰቡ ሶላትና ከስልክ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ የአዊዎች ቋንቋ የሆነው አውንጊ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ አውንጊን በቤቱ፣ አማርኛን በመንገድ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ይዞ ዐረብኛን በአራተኛነት የሚጀምር ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ወላጆችን የሚያስፈራ ሸክም ቢመስልም፣ ወደፊት እንደሚታየው ለአስተማሪው ትልቅ ሀብት ነው።

የትኛው ዐረብኛ?

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ዐረብኛን አንድ ማኅበረሰብ ሁለት ዓይነት መልኩን ጎን ለጎን የሚገለገልበት ቋንቋ አድርጎ ገልጾታል፤ አንደኛው መልክ ፉስሓ የሚባለው፣ የቁርአን፣ የመጽሐፍና የዜና ቋንቋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓሚያ የሚባለው፣ እንደ ሀገሩ የሚለያየው የቤትና የገበያ ንግግር ነው። ይኸው ምሁር በኢትዮጵያ ውስጥ ዐረብኛ ስላለው ቦታም እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈ ሲሆን፣ ቋንቋው በሀገሪቱ በአንድ በኩል የሃይማኖት፣ በሌላ በኩል ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚግባቡበት የንግድ ቋንቋ ሆኖ መኖሩን አሳይቷል። ይህ የመግባቢያ ዐረብኛ ለጫግኒ የራቀ አይደለም፤ በምዕራብ በኩል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በተለይም በአሶሳ አካባቢ፣ የሱዳን ዐረብኛ እስከ ዛሬ መግባቢያ ነው።

ለልጆች ትምህርት ይህ ልዩነት የሚያስከትለው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ወላጅ «ልጄ ዐረብኛ ይማር» ሲል ቁርአን መቅራቱን፣ ማለትም ፊደሉን ለይቶ በተጅዊድ (በትክክለኛ የንባብ ሥርዓት) ማንበቡን ያስባል፤ ሌላው፣ በተለይ ከዐረብ ሀገር የተመለሰው ወይም ዘመድ እዚያ ያለው፣ ልጁ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዋጋ ጠይቆ እንዲመለስ ይፈልጋል። ሁለቱም ተገቢ ፍላጎቶች ቢሆኑም በአንድ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ውስጥ ሲደባለቁ ልጁ ለምን እንደሚማር አይገባውም። በንባብ ውስጥ ያለው ደስታ የዜማና የድምፅ ደስታ ነው፤ በንግግር ውስጥ ያለው ደስታ ግን ቃል ተናግሮ አንድ ነገር እንዲሆን የማድረግ ደስታ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በተለያዩ ቀናት ማስያዝ፣ ቢቻልም በተለያዩ አስተማሪዎች መስጠት ይሻላል። የንግግሩን ፉስሓ ለሕፃን ጆሮ ማለዘብ እንደሚቻል የኩዌቱ «ኢፍተሕ ያ ሲምሲም» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳይቷል፤ ዝግጅቱ ለብዙ የዐረብ ሀገሮች ልጆች የተሰናዳ ስለነበር የአንዱን ሀገር ዓሚያ ሳይመርጥ በቀለለ ፉስሓ ይናገር ነበር።

ቁርአን ቤቱ የነበረው ነገር

በኢትዮጵያ የሙስሊሞች የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ሕፃኑ የሚጀምረው በሒጃ ነው፤ ሒጃ ማለት ፊደላትን ከአናባቢ ምልክቶቻቸው፣ ማለትም ከሐረካዎቻቸው ጋር በቃል እየቆጠሩ ማጥናት ሲሆን፣ የሚጻፈውም ሎህ በሚባል የእንጨት ጽላት ላይ፣ በጥላሸትና በሙጫ በተዘጋጀ ቀለም ነው። የተጠናው ትምህርት ታጥቦ በላዩ አዲስ ይጻፋል፤ እጅ ይቆሽሻል፣ ሎሁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ልጆች በእንቅስቃሴ እየተወዛወዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአንድነት ይቀራሉ፣ ትልቁ ደረሳ (ተማሪ) ትንሹን ያስቀራል፣ ቁርአኑን የጨረሰ ልጅም በኺትማ ይደገስለታል። በጎረቤት ባለው የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ ወደ ዳዊት የሚሄደው ልጅ የሚያልፍበት መንገድም በአደራረጉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን ሁሉ ማንሣት ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም፤ ልምጩም እዚያው ነበረ፣ በፍርሃት የተማረው ልጅም ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ልምጩን ወደ ጎን ትቶ የቀረውን ለሚመለከት ሰው፣ ሎሁ፣ ኅብረ ድምፁ፣ ታላቁ ደረሳና ድግሱ እያንዳንዳቸው ልጅን የሚያቆዩ ብልሃቶች መሆናቸው ግልጽ ነው።

ከእነዚህ ብልሃቶች ሁሉ የሚበልጠው ትምህርቱን በልጁ ቋንቋ የመስጠት ብልሃት ሳይሆን አይቀርም። በሶማሌዎች ዘንድ አው በርኸድሌ በሚል ስም የሚታወቁት ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን የዐረብኛን አናባቢ ምልክቶች ለሶማሌ ልጆች በሶማልኛ የሚያስቆጥር ዘዴ እንዳበጁ በትውፊት ይነገራል፤ ፈትሓ የሚባለውን ከፊደሉ በላይ የሚደረግ ምልክት «ከላይ የተደረገበት»፣ ከስራ የሚባለውን ከታች የሚደረግ ምልክት «ከታች የተደረገበት» እያሉ በራሳቸው ቋንቋ በዜማ ያስቆጥራሉ፤ ዘዴውም በሶማሌ ቁርአን ቤቶች እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ልጁ የማያውቀውን ምልክት በማያውቀው ቃል ከማጥናት ይልቅ በሚያውቀው ቃል ሲጠራው ምልክቱ ያለበትን ቦታ ስሙ ራሱ ይነግረዋል። በወሎም የዐጀም ጽሑፍ፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 አካባቢ ያረፉት ታላቁ ዐሊም ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር መንዙማቸውን ሕዝቡ በሚሰማው አማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት የሚሰጠው የንባብ ትምህርት በብዛት የሚመራው በሕንዳዊው ሸይኽ ኑር ሙሐመድ ሐቃኒ በተዘጋጀው ቃዒዳ ኑራኒያ ሲሆን፣ መጽሐፉ በቅደም ተከተሉ እጅግ የታሰበበት ቢሆንም የጫግኒውን ልጅ ቋንቋ እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ ያን የማሟላት ኃላፊነት የኡስታዙ ነው።

ስልኩ የሚወስደው፣ ስልኩ የሚሰጠው

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ ብዙ አስተማሪዎች በአንድ ጊዜ ወደ ቴሌግራም፣ ወደ ዋትስአፕና ወደ ዙም የተሰደዱ ሲሆን፣ ወዲያው የተገነዘቡት ነገር በኅብረት መቅራት በኢንተርኔት የማይሆን መሆኑን ነው። ምክንያቱ መዘግየት የሚባለው፣ ድምፅ ከአንዱ ስልክ ተነሥቶ ሌላው ዘንድ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር ምቹ የሚለው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሰባተኛ አካባቢ ያልበለጠ ሲሆን፣ ለጨዋታ የሚበቃው ይህ ጊዜ እንኳ አብሮ ለማዜም ብዙ ነው። ኔትወርኩ በደከመበት ከተማ ደግሞ መዘግየቱ ከዚህ በላይ ይሆንና ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ «ባ፣ ቢ፣ ቡ» ሲሉ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከመንዙማ ሊወሰድ ይችላል። በመንዙማ አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ አውራጁና ተቀባዩ በአንድ ጊዜ ስለማያዜሙ መዘግየቱ አይጎዳቸውም። ኡስታዙ የሁሉንም ልጆች ማይክሮፎን ዘግቶ ሲያወርድ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየቤቱ ከእናቱ፣ ከወንድሙና ከእኅቱ ጋር ሆኖ ይቀበላል፤ ከዚያም የአንዱ ቤት ማይክሮፎን በተራ ተከፍቶ ያ ቤት ብቻውን ይሰማል። በዚህ አኳኋን የጠፋው ኅብረ ድምፅ በስልክ ውስጥ ሳይሆን በቤት ውስጥ ይመለሳል፣ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው ልጅም አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። የኢንተርኔት ትምህርት አሰልቺ የሚሆንበት ዋነኛው ምክንያት ይኸው ዝም ብሎ ተራ መጠበቅ ስለሆነ፣ ይህን አንድ ነገር ብቻ ያስተካከለ አስተማሪ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ስልክ የሚወስደው ሌላ ነገር የድምፅ ጥራት ነው። የቀድሞው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን (ሄርዝ የአየር ንዝረት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚለካበት ነው)፣ እንደ ሲንና ሣእ ያሉ የፉጨት ጠባይ ያላቸው ተነባቢዎች የሚለዩበት ኃይል በአብዛኛው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ይገኛል። የዛሬዎቹ አፕሊኬሽኖች ከዚህ ሰፋ ያለ ድምፅ ያስተላልፋሉ፤ ሆኖም ኔትወርክ ሲደክም ይህን ስፋት ይቀንሱታል፣ ጫጫታ የሚያጠፋው ፕሮግራምም አንዳንዴ ፉጨቱን ራሱን ጫጫታ ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ ልጁ ሣእን ሲን ብሎ ሲደግም ጥፋቱ የጆሮው ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ስልኩ የወሰደውን በሌላ በኩል ይመልሳል፤ በሠላሳ ልጆች መካከል ከኋላ ለሚቀመጠው ደረሳ የማይታየው የኡስታዙ አፍ በስልክ ፊት ለፊት ይታያል። ሣእና ዛል ምላስ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ብቅ ብሎ የሚታይባቸው ድምፆች መሆናቸውን ልጁ በዓይኑ አይቶ፣ በመስተዋት ፊት ምላሱን እያወጣ ሲሞክር ትምህርቱ ጨዋታ ይሆናል፤ ምላስ ማውጣት የተፈቀደበት ትምህርት ደግሞ ለስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ልጁ ይዞት የሚመጣው አፍ

የዐረብኛ ፊደል የሚወጣበት የአፍና የጉሮሮ ቦታ መኽረጅ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ጧእን እንደ «ጠ»፣ ሷድን እንደ «ጸ»፣ ቃፍን እንደ «ቀ» አድርጎ የሚያነበው ለእነዚህ ድምፆች በራሱ ቋንቋ ያለውን ቅርብ ጓደኛ ስለሚወስድ ነው፤ ሆኖም የአማርኛዎቹ ጉሮሮን ለቅጽበት ዘግቶ አየሩን በማፈንዳት የሚወጡ ሲሆኑ፣ የዐረብኛዎቹ ጧእና ሷድ የምላስን ኋለኛ ክፍል ወደ ላይና ወደ ኋላ በመሳብ የሚወፍሩ ናቸው። ለሕፃን ይህን ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። «ጉንጭህን ሞላ አድርገህ፣ እንደ ትልቅ ሰው አውራው» ማለትና ቀጭኑን ሲን በአይጥ፣ ወፍራሙን ሷድ በዝሆን ድምፅ እያፈራረቁ ማጫወት ግን ያደርሳል።

አውንጊ ተናጋሪው ልጅ የሚያመጣው ሌላ ነው። አውንጊ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ በወገኑም ኩሻዊ በመሆኑ ከሴማዊዎቹ ከአማርኛና ከዐረብኛ በዝምድና ራቅ ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ የምላስን ሥር ከእንጥል ጋር በማጋጠም የሚወጡ ድምፆች አሉት፣ የዐረብኛው ቃፍም ከዚያው ቦታ ይወጣል፤ በአናባቢዎች መካከል ሲገባ የሚላላው የአውንጊ ድምፅም ለገይን እጅግ የቀረበ ነው። አዲስ አበባ ወይም ካይሮ የተቀመጠ ኡስታዝ ይህን ሳያውቅ ለጫግኒው ልጅ ቃፍን እንደ አዲስ ነገር ሲያስተምር ይውላል፣ ልጁ ግን ድምፁን ከእናቱ ተምሮ ጨርሶታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ምን ትናገራላችሁ?» የሚል ነው፤ ኡስታዙም ልጁን አንድ የአውንጊ ቃል አስተምረኝ ብሎ ቢጠይቀውና ራሱ ቢሳሳት፣ ልጁ ከዚያ ወዲያ ለመሳሳት አይፈራም።

የግእዝ ፊደል የቆጠረ ልጅም ባዶ እጁን አይመጣም። «ሀሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» ብሎ ሦስት ፊደል ተምሯል፣ በአማርኛ ግን ሦስቱም አንድ ድምፅ ሆነውበታል፤ በዐረብኛ ሀእ፣ ሓእና ኻእ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ሆነው ይኖራሉ። «ዐይኑ ዐ» የሚለው ስምና የዐረብኛው ፊደል ዐይን አንድ ስም ናቸው። አቡጊዳን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ የዐረቦችን ጥንታዊ የፊደል ተራ ሲሰማ ሊስቅ ይችላል፤ «አብጀድ፣ ሀወዝ» የሚለው የዐረብኛ ቆጠራና «አቡጊዳ፣ ሄውዞ» የሚለው የግእዝ ቆጠራ የአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ተራ ልጆች ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው ግእዙ እግረ መንገዱን ሰባቱን የአናባቢ እርከኖች ማስቆጠሩ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለሕፃን ትምህርት አይበዛም ወይ የሚል ይኖራል፤ እንደ ታሪክ ትምህርት ከቀረበ ይበዛል፣ እንደ ዜማ ከቀረበ ግን ልጁ በራሱ ጊዜ ሲያንጎራጉረው ይገኛል።

በአጻጻፉ በኩል አስቸጋሪው የፊደሉ ቁጥር አይደለም፤ 231 የአማርኛ ሆሄያት ያጠና ልጅ 28 ፊደል አይከብደውም። የሚከብደው ፊደሎቹ እንደ ቦታቸው፣ በቃል መጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ መልካቸውን መለዋወጣቸው፣ ስድስቱ ማለትም አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራእ፣ ዛይና ዋው ደግሞ ከሚከተላቸው ፊደል ጋር አለመቀጠላቸው ነው። «እነዚህ ስድስቱ በቀኝ እጃቸው ብቻ የሚጨብጡ ናቸው» ተብሎ ልጆች ራሳቸው በሰልፍ ቆመው እጅ ለእጅ ቢያያዙና ዋው የተባለው ልጅ በግራ በኩል ያለውን እጅ አልሰጥም ቢል ሕጉ በአንድ ቀን ይገባል፤ ብቻውን የሚማር ልጅ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ይህን ማድረግ ይችላል። ሎሁንም ቤት ውስጥ መመለስ ቀላል ነው፤ በትሪ ላይ የተነጠፈ ዱቄት ወይም አሸዋ ጣት ያስጽፋል፣ ሲነቀነቅም ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ወጥመድ መጠቀስ አለበት፤ የብዙ ስልኮች የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስተዋት ገልብጦ ስለሚያሳይ፣ አንዳንዱም ገልብጦ ስለሚቀዳ፣ ኡስታዙ ከቀኝ ወደ ግራ የጻፈውን ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ እንደተጻፈ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በቀኝና በግራ ጽሕፈት መካከል ለሚኖር ልጅ ይህ ትልቅ ጥፋት በመሆኑ ቅጂው ከመላኩ በፊት ሊታይ ይገባል።

ቁም፣ ቁሚ፣ ቁሙ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ተማሪው ከመናገሩ በፊት ትእዛዝ እየሰማ በአካሉ እንዲመልስ ያደርጋል፤ ተነሥ ሲባል መነሣት፣ በሩን ክፈት ሲባል መክፈት ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሌላ ሀገር ያለ ልጅ የማያገኘው ስጦታ አለው። ዐረብኛ ለወንድ «ቁም»፣ ለሴት «ቁሚ»፣ ለብዙዎች «ቁሙ» ይላል፤ ከአናባቢው መርዘም በቀር አማርኛውም ይኸው ነው። «ኢፍተሕ» የሚለው የዐረብኛ «ክፈት» ከ«ፍታ» ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ልጁ ማንም ሳይነግረው ሊጠረጥር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ልጁን ከወንበሩ አስነሥቶ፣ ቤቱን በሙሉ በዐረብኛ ትእዛዝ ማንቀሳቀስ ቢሆን፣ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዐረብኛ የሚገባው ሰው ሆኖ ያድራል። አባት «ቁም» ተብሎ ሲነሣ ማየትም ለልጅ ደስታ ነው።

የቃላቱም ምርጫ እንደዚሁ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚመጡ የልጆች መጻሕፍት በግመልና በተምር የተሞሉ ሲሆኑ፣ የአዊ ልጅ በዓይኑ የሚያየው ፈረስ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ዝናው ከዞኑ አልፎ የሄደ ነው። ፈረስ በዐረብኛም «ፈረስ» በመሆኑ አዲሱን ቋንቋ በሚያውቀው እንስሳ መጀመር ይችላል። ከዚያ ወደ ጓዳ ቢገባ ሰሃን፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻይ፣ ሳሙናና ቡና ከዐረብኛ አቻዎቻቸው ጋር እንደሚቀራረቡ ያገኛል፤ ወደ ሱቅ ቢላክ ሱቁም «ሱቅ» ነው። ኡስታዙ «ፊንጃኑ የት ነው?» ለማለት «አይነ አል-ፊንጃን?» ሲል፣ ልጁ ሲኒውን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ «ተሕተ»፣ በላዩ አስቀምጦ «ፈውቀ» ቢል፣ የቦታ ቃላትን በአኩኩሉ ተማረ ማለት ነው። በደጅ የሚሣለው የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታም የሳምንቱን ቀናት ለማስተማር ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል፤ «አል-አሐድ» ከእሑድ፣ «አል-አርቢዓእ» ከረቡዕ፣ «አል-ኸሚስ» ከሐሙስ ጋር በድምፅ ስለሚገጥሙ፣ ጁሙዓንም የሙስሊም ልጅ ከቤቱ ስለሚያውቀው፣ በአንድ እግር እየዘለለ የሚያጠናቸው ሦስቱን ብቻ ነው።

ፊደሉን ለለዩ ልጆች ደግሞ የዐጀም ልማድ እንቆቅልሽ ሆኖ ይመለሳል፤ የከተማህን ስም በዐረብኛ ፊደል ጻፍ ቢባል ልጁ ለ«ጫ» ፊደል አያገኝም፣ በፉስሓ ለ«ግ»ም የለውም፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ለእንዲህ ያለው ችግር በነባሩ ፊደል ላይ ነጥብ ይጨምሩ እንደነበር ሲሰማ የራሱን ነጥብ ለመፍጠር ይቸኩላል።

ጊዜው፣ ኔትወርኩና ቤቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ቢቀንስም እንዲመረጥ መክሯል። ከዚህ አንጻር ለአምስት ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ትምህርት አመዳደቡ የተገለበጠ ነው፤ በየቀኑ የሚሰጥ የአሥራ አምስት ደቂቃ ትምህርት ይሻላል፣ ለማስታወስም መደጋገሙ ስለሚጠቅም።

ይህ ለኔትወርኩም ይመቻል። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲበላ፣ በቴሌግራም የሚላክ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በመቋረጡ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት እንዴት እንደሚሞት ታይቷል። ስለዚህ ጠንካራው አሠራር ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ቀድቶ መላክ፣ ልጁም ድምፁን ቀድቶ እንዲመልስ ማድረግ፣ በቀጥታ መገናኘትን ግን በሳምንት አንድ ጊዜ መወሰን ነው። የተቀዳው ድምፅ በሚሞሪ ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚሻገር ኔትወርክ ሲጠፋም አይጠፋም። ልጁ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ራሱን ያርማል፤ ኡስታዙም አሥር ስሕተት ቢሰማ አንዱን ብቻ መርጦ ቢያርም ይበቃዋል፣ ምክንያቱም በየቃሉ የሚቋረጥ ልጅ ዝም ማለትን ይማራል።

ስክሪኑ ጨርሶ ጠላት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም በጥቂት አሻንጉሊቶችና በቀላል ዝግጅት የብዙ ልጆችን ልብ የያዘው፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ ልጆቹ በሚናገሩበት አማርኛ፣ በሚያውቁት ቤትና ሰፈር ስለምትኖር ነው። ከካልሲ የተሠራ፣ አማርኛ የማይሰማና ልጁ በዐረብኛ ካላናገረው የማይመልስ አሻንጉሊት በኡስታዙ እጅ ላይ ቢኖር፣ በውድ ዋጋ ከሚገዛ ፕሮግራም ይልቅ ልጁን ያስወራዋል። ይህ ሁሉ ግን የቤት ሰው ካልተጨመረበት አይጸናም። ዐረብኛ የማያውቁ እናትና አባት «እኛ ምን እናግዛለን» ሲሉ ይሰማሉ፤ አለማወቃቸው ግን ጥቅም አለው፣ ልጁ የሚያስተምረው ሰው ያገኛልና። በቁርአን ቤት ታላቁ ደረሳ ትንሹን የሚያስቀራው ለሸይኹ እረፍት ለመስጠት ብቻ አልነበረም፤ የሚያስቀራው ራሱ ያጸናበት ነበር። ኺትማውም በትንሹ ይመለስ፤ ሒጃውን ለጨረሰ ልጅ ዘመድ ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ እሱን ማስቀራት የስልኩ ኮከቦች ሁሉ የማያደርጉትን ያደርጋል።

ልጃቸውን በኢንተርኔት ለማስተማር የሚያስቡ ወላጆች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ኡስታዙን ወይም ኡስታዛዋን አንድ የሙከራ ትምህርት ይጠይቁ፤ በሙከራውም ጊዜ ስለ ሥዕሉና ስለ አፕሊኬሽኑ ውበት ሳይጨነቁ ሰዓት ይዘው ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ የልጃቸው አፍ ስንቱን ደቂቃ እንደሠራ ይቁጠሩ፤ ከአምስት ደቂቃ በታች ከሆነ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ።